ስሜን ወደ ዘለለችው ሴት

የበደለችኝ ጫልቱ ናት። ዘመኑ 1985 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር፣ ዕለቱ እሁድ ነበር። ከነገሌ ቦረና ቤተ ክርስቲያን ለሐዋሳው ቤተ ክርስቲያናችን የተላከ ደብዳቤ በጉባኤ ፊት ተነበበ። ከነገሌ በየጊዜው ወጥተን ሐዋሳ የገባን አሥራ ሁለት ነበርን። በደብዳቤው መጨረሻ፣ ወጉ እንደሆነው፣ ሰላምታው በየስማችን ተደረደረ። አሥራ አንድ ስም ተጠራ። ብርቄ እንኳ ተጠራች፤ ከእኛ ጋር ሁለት ወር ብቻ የዘመረች፣ ያውም ከዜማው እየወጣች። የእኔ ስም አልተጠራም። ደብዳቤውን የጻፈችው የነገሌው ጉባኤ ጸሐፊ ጫልቱ ነበረች። ነገሌ ሳለሁ ሰባት ዓመት በአንድ አጥር ኖረናል። ሴት ልጇን ሌንሳን በእነዚህ እጆቼ ነው ያዋለድኳት፤ የክሊኒክ ጤና ረዳት ነበርኩ። እንዲህ ያለች ሴት ስሜን ረሳችው ብሎ ማንም ሊያሳምነኝ አይችልም።

ሠላሳ ሁለት ዓመት አልጻፍኩላትም፣ አልደወልኩላትም። ከነገሌ የመጣ ሰው ስሟን ሲያነሳ ወሬ እቀይር ነበር።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ሁለት ነገር ተገጣጠመ። የሴቶች ኅብረታችን የሮሜን መልእክት ምዕራፍ በምዕራፍ እያጠና ነበርና የመጨረሻውን የማስረዳት ተራ ለእኔ ደረሰኝ። ሌሎቹ ጥልቅ ጥልቁን ተከፋፍለው የስም ዝርዝሩን ለእኔ ተዉልኝ። "እትዬ አስካለ፣ የእርስዎ ቀላል ነው፤ ሰላምታ ብቻ ነው" አለችኝ ሰብሳቢዋ። ቤቴ ገብቼ ምዕራፉን ከፈትኩ። እገሌን ሰላም በሉልኝ፣ እገሊትን ሰላም በሉልኝ እያለ ይወርዳል። ሌሎች ሲያነቡት የተጠሩትን ያያሉ። እኔ ያየሁት መልእክቱ ሮም በተነበበ ዕለት ጉባኤው መሐል ቆማ ስሟ እስኪደርስ የጠበቀችውን፣ ያልደረሳትን ሴት ነው። እንዲህ ያለች ሴት መኖር አለባት። ሁልጊዜም አለች።

በዚያው ሳምንት አንድ የነገሌ ሰው፣ የጫልቱ ዓይን እንደደከመና ሌንሳ ወደ ዶሎ ኦዶ ልትወስዳት እንደሆነ ነገረኝ። ዶሎ ኦዶ ሶማሊያ ጠረፍ ላይ ያለ ከተማ ነው። ሌንሳ እዚያ ስደተኞችን በሚረዳ ድርጅት ክሊኒክ ትሠራለች። ጫልቱ እዚያ ከገባች በኋላ እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንደማልደርስባት አወቅሁ። ለምን ዘለልሽኝ ብዬ ሳልጠይቃት ልታመልጠኝ ነው። ይህችን አንድ ጥያቄ ይዤ ተነሳሁ። ልጄ "በዚህ ጉልበትሽ?" አለኝ። ጉልበቱ የኔ ነው አልኩት።

ሐሙስ

ከሐዋሳ ስንነሳ ፀሐይ ነበረች። ሐዋሳ ብርድ የሚባለው ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ነው፤ ነጠላ ይበቃዋል። መንገዱ ወደ ቦሬ እየወጣ ሲሄድ ግን ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ ቀርከሃውና እንሰቱ ከጉም ውስጥ እየወጡ ይገቡበታል። ቦሬ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ወጣቶቹ ወርደው ሲገፉ አንዲት ፒክአፕ መጥታ ሽማግሌዎችን ልውሰድ አለች። ሽማግሌ መባሉ ባይጥመኝም ተሳፈርኩ። ከተማ ከገባሁ በኋላ ነው ሻንጣዬ አውቶቡሱ ጣራ ላይ መቅረቱ ትዝ ያለኝ። ብርድ ልብሴም፣ መድኃኒቴም፣ መጽሐፍ ቅዱሴም እዚያው ነው።

አብራኝ በፒክአፕዋ የመጣች ትዕግሥት የምትባል አስተማሪ ነበረች።

"እማማ፣ እዚህ ሆቴሉ ብርድ ነው። እኛ ቤት ይደሩ።"

"ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?"

"ከባለቤቴና ከእናቱ ጋር። ምነው፣ እንዳንሰርቅዎት ነው?"

"ሻንጣዬ ጣራ ላይ ቀርቷል። የምትሰርቂው ምን አለኝ?"

"እንግዲያው ስጋቱ የእኛ ነው" ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ሰው ያለ ምክንያት ደግ ሲሆን ምክንያቱን መፈለግ ልማዴ ነው። ቤታቸው ስገባ የባሏ እናት እሳት ዳር ተቀምጠው ነበር። አማርኛ አይሰሙም፤ የእኔም ኦሮምኛ ዝጓል። "አካም? ናጋ?" አሉኝ። ናጋ፣ ደኅና ነኝ፣ አልኩ። አበቃ ብዬ ልቀመጥ ስል ቀጠሉ፦ ልጆችሽ ደኅና ናቸው? ቤትሽ ደኅና ነው? የአገርሽ ዝናብ ደኅና ነው? መንገዱ ደኅና ነበር? ለእያንዳንዱ ናጋ ብዬ እመልሳለሁ። ከዚያ የልጆቼን ስም ጠየቁኝና በየስማቸው ደግመው ደኅንነታቸውን ጠየቁ። ትዕግሥት እየተረጎመች "ይቅርታ፣ እማማ፣ እሳቸው ሳይጨርሱ ራት አይቀርብም" አለችኝ።

ሐዋሳ ላይ "ሰላም ነው?" ብለን መልሱን ሳንሰማ እናልፋለን። ሰላምታ ብቻ ነው ያለችኝ ሰብሳቢ ትዝ አለችኝ። እኒህ ሴትዮ ሐዋርያው መልእክቱን ሲጨርስ አጠገቡ ቢሆኑ ኖሮ አሳጠርከው ይሉት ነበር።

ራት ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር በላን። ከዚያ ሴትዮዋ ውሃ አሙቀው እግሬን ሊያጥቡ ጎንበስ አሉ። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ። እግሬን ሰበሰብኩ። በእጃቸው ቁርጭምጭሚቴን መታ አድርገው ወደ ውሃው መለሱት። ጋቢያቸውን ለብሼ አደርኩ።

ዓርብ

ሻንጣዬ ጭቃ ለብሶ በጠዋት ተገኘ። ረዳቱ "ሳናጣው ያገኘነው እኛ ነን፤ አይመርቁንም?" አለኝ። መረቅኩት፤ ግን አጠር አድርጌ።

ከቦሬ ቁልቁል ነው። ጫካው እየሳሳ፣ አፈሩ እየቀላ፣ እኛም ልብስ እየቀነስን ለምሳ ክብረ መንግሥት ደረስን። ሽሮ በላሁ፤ ከሐዋሳው የሚበልጥበት በርበሬው ብቻ ነው። መኪና ቀይረን በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደራ ገባን። ከዚያ ነገሌ ሩቅ አይደለም፤ ለመድረስ ቀኑ ይበቃን ነበር። ግን ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ እኛ ዞረ።

"ወገኖቼ፣ አጎቴ ዛሬ ተቀብሯል። ሬሳ ላይ አልደረስኩም። ለቅሶ ደርሼ ነገ በጠዋት እወስዳችኋለሁ።"

ሐዋሳ ቢሆን ጩኸት ይነሳ ነበር። እዚህ ሰዉ ሁሉ "ጌታ ያጽናህ" እያለ ወረደ። አንዱም "እኛስ?" አላለም። ይባስ ብሎ ቅቤ ይዛ ለገበያ የምትሄድ ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና "እኛም እንድረስ እንጂ" አለች። አሥራ ምናምን ሰው ተከትሏት ሄደ። እኔ ብቻዬን መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ነገ ባልደርስ፣ ጫልቱ ብትሄድብኝስ እያልኩ ተቃጠልኩ።

መጽሐፍ ቅዱሴን አወጣሁ። በምዕራፉ መጨረሻ ግድም ጤርጥዮስ የሚባል ሰው አለ። የሐዋርያውን ቃል ተቀብሎ የጻፈው ጸሐፊው እሱ ነው። ዝም ብሎ አልጻፈም፤ የራሱን ሰላምታ መሐል ላይ አስገብቷል። ይህን ሳነብ የፍርድ ቤት ማስረጃ ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ። ጸሐፊ የሚሉትን ብቻ የሚጽፍ ብዕር አይደለም ማለት ነው። የወደደውን ያስገባል። የወደደውን ካስገባ፣ ያልወደደውን ያስወጣል። ጫልቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ያሉኝን ነው የጻፍኩት ብትለኝ የምመልስላትን አዘጋጀሁ።

ሙቀቱ ግን አላስቀመጠኝም። ወረድኩና ድንኳኑ ድረስ ሄድኩ። የማላውቀውን ሰው ለቅሶ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ከሩቅ አይቶኝ ተነስቶ መጣና ትከሻዬን ስሞ ከሴቶቹ መሐል ቦታ አስለቀቀልኝ። ንፍሮና ወተት አቀረቡልን፤ ወተቱ የታጠነ ቅል ይሸታል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያን ሽታ በአፍንጫዬ ሳገኘው ጫልቱ በየማለዳው የምታመጣልኝ ወተት ትዝ አለኝና ኩባያውን አስቀመጥኩት። አጠገቤ የነበረችው ባለ ቅቤ "አልጣመሽም እንዴ?" አለችኝ። ጥሞኛል አልኳት። ገበያው አጠገብ አንዲት ትንሽ ክፍል ተከራይቼ አደርኩ። ላብ አላስተኛኝም።

ቅዳሜ

ሾፌሩ ቃሉን ጠብቆ ማለዳ መጣ። ከወደራ በኋላ ምድሩ ይዘረጋል፤ ግራር፣ ሰው የሚያህል ቀይ ኩይሳ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው መንገድ የሚያቋርጡ ግመሎች። ነገሌ ስንገባ የጦር ሰፈሩ አጥር እንደድሮው አለ። ባለቤቴ የመቶ አለቃ ሆኖ የሠራው እዚያ ነው። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን በሞያሌ በኩል ወጥቶ በዚያው ቀረ። እኔም ሁለት ልጆቼን ይዤ በአንድ የጭነት መኪና ወጣሁ። የኖርኩበት ቤት ፈርሶ የባጃጅ ጋራዥ ሆኗል። የጫልቱ ቤት ግን ከጎኑ እንዳለ ነው። ቆርቆሮው ተቀይሯል።

ጫልቱ በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በሰፌድ ስንዴ ትለቅም ነበር፤ በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ። በሩ ላይ ቆምኩ።

"ማነው?" አለች።

የበሩን መቃን ይዤ ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

"ቆሞ የሚያለከልከው ማነው? ወይ ይግባ ወይ ይሂድ።"

"አስካለ ነኝ።"

ጣቷ ቆመ። ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። አልተነሳችም።

"ቆየሽ" አለችኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ ጮኸች፦ "ሌንሳ! ውሃ አምጪ። ኮቱ፣ ነይ እንጂ፣ ከመንገድ ነው የመጣችው!"

ሌንሳ ወጥታ ሳመችኝ። የያዝኳት ጊዜ ክንዴን አትሞላም ነበር፤ አሁን እኔን የምትደግፍ ሴት ሆናለች። ውሃውን ሳልጠጣ ጠየቅሁ።

"በሰማንያ አምስት ለሐዋሳ የጻፍሽውን ደብዳቤ ታስታውሺዋለሽ?"

"እንዴት አላስታውሰው? ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ።"

"አሥራ አንድ ሰው ጠራሽ።"

"አሥራ አንድ ሰው መሸኛ ወስዷል።"

መሸኛ የምትለው፣ አንድ ምእመን ከተማ ሲቀይር ይህ ሰው የእኛ ነበረ፣ አሁን የእናንተ ነው ብላ ቤተ ክርስቲያኗ የምትጽፍለትን ወረቀት ነው። እኔ አልወሰድኩም። ሐዋሳ የተቀበሉኝ በሁለት ሰው ምስክርነት ነው።

"መሸኛ ያልወሰደ ከመዝገባችን አይወጣም" አለች ጫልቱ። "የእኛ ነሽ። ደብዳቤው ሰላም እንላችኋለን ሲል፣ አንቺም ሰላም ከሚሉት ወገን ነሽ። ሰው ለገዛ ቤቱ ሰው በፖስታ ሰላምታ ይልካል?"

"ሰላም ባይዋ እኔ ከሆንኩ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ስሟን ስትጠብቅ የነበረችው ማን ናት?"

"እሱን በምን ልወቀው? እኔ ነገሌ ነበርኩ።"

"መዝገብ ጀርባ አትደበቂ፣ ጫልቱ።"

"ከመንገድ ስለሆንሽ ዝም ብዬሻለሁ" አለችና ስንዴዋን መልቀም ቀጠለች።

ሌንሳ "እትዬ አስካለ፣ ውሃውን ይጠጡ እስቲ" አለችኝ። ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ እስክንተኛ ሁለታችንም በሌንሳ በኩል ነበር የምናወራው፤ "እናትሽን ጨው ያንሰዋል በያት"፣ "እንግዳሽን ከሐዋሳ ጨው ይዛ ትምጣ በያት" እየተባባልን።

እሁድ

የቅዱስ ቁርባን እሁድ ነበር። ነገሌ እስከ ዛሬ፣ ኅብስቱ ከመቆረሱ በፊት የምእመናን ስም ይጠራል። ሐዋሳ ብዙ ስለሆንን ትተነዋል። ያለ "አለሁ" ይላል፤ ለሌለ የሚያውቅ ይመልስለታል፦ "ታሟል"፣ "አዲስ አበባ ነው"፣ "ከከብቱ ጋር ነው"። ለመልሱም ጠሪው ሁሌ አጭር ምርቃት አለው።

የሚጠራው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም ነበር። ሌንሳ እናቷን በክንዷ ይዛ ወደ ፊት አወጣቻት። ጫልቱ መዝገቡን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳትገልጠው በቃሏ መጥራት ጀመረች። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቀጥሎ ካለው ሰፈር እስከ ገበያው፣ ከዚያ ወደ ጦር ሰፈሩ አጠገብ ወደነበሩት ቤቶች መጣች። የራሷን ስም ጠርታ "አለሁ" አለች። ቀጠለችና፣

"አስካለ።"

አፌን ሳልከፍት የሴቶቹ ወገን በሙሉ፣ እንደ መዝሙር ተቀባይ፣ በአንድ ድምፅ "መንገድ ላይ ናት!" አለ።

አጠገቤ የተቀመጡት ልጃገረዶችም ብለዋል። እኔ ስወጣ እናቶቻቸው እንኳ አላገቡም ነበር።

"ጌታ በሰላም ያስገባት" አለች ጫልቱ፣ እንደ ልማዷ፤ ወደሚቀጥለው ስምም አለፈች። የጠራችውን ሰው "አለሁ" ሲል ሰማሁት። እሷ ግን ሌላ ስም አልጠራችም። ፊቷን ወደ ሴቶቹ ወገን አዞረች።

ተነሳሁ። የፊቴን አግዳሚ ያዝኩ። "አለሁ" አልኩ። ጮክ አድርጌ ደገምኩት። ሰዉ ዞሮ ዞሮ አየኝ፤ ከኋላ አንዲት አሮጊት "ወይ ጉድ፣ ራሷ ናት!" ብለው እልል አሉ። ከዚያ የሆነውን በደንብ አላስታውስም፤ ብዙ ሰው እንደሳመኝ ግን አውቃለሁ። ስንወጣ ከልጃገረዶቹ አንዷ እየሳቀች "እማማ፣ እኔ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ የከባድ መኪና ሾፌር ይመስሉኝ ነበር" አለችኝ። "ሁሌ መንገድ ላይ ናት ሲሉ!"

ከምሳ በኋላ ከጫልቱ ጋር በረንዳው ላይ ተቀመጥን።

"ትናንት የነገርኩሽ ሕግ እውነት ነው" አለች። "ግን ሙሉውን አልነገርኩሽም። ሽማግሌዎቹ፣ መሸኛ ባትወስድም አስካለን ጨምሪያት ብለውኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"የሄድሽ ጠዋት ወተት ይዤ መጣሁ። በሩ ተቆልፏል። ልጆችሽን በየስማቸው ጠራኋቸው። ወተቱን ይዤ ፀሐይ እስክትከር ቆምኩ። ሰባት ዓመት በአንድ አጥር ኖረን አንድ ቃል እንኳ ሳትነግሪኝ! ተናድጄብሽ ነው።" ቀጠለችና "ደግሞም ከሄዱት ጋር ብጽፍሽ ሄድሽ ማለት ነው። እጄ እምቢ አለኝ" አለች።

ሳልነግራት መውጣቴን ከላይ አልጻፍኩም። በጭነት መኪና ወጣሁ ብዬ አለፍኩት። ለማንም አትንገሩ ተብለን ነበር፤ እውነት ነው። ለጫልቱ ግን መናገር እችል ነበር። ያልነገርኳት ስላላመንኳት ነው። እሷ የአገሩ ሰው ናት፣ እኔ የወታደር ሚስት ነኝ፤ ነገር በተገለባበጠበት በዚያ ሳምንት ለማን እንደምትናገር አላውቅም ብዬ ፈራኋት። ልጇን ያዋለድኩላትን ሴት። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ያን ዕለት ለእሷ ነገርኳት።

"አውቃለሁ" አለች ጫልቱ። "ያን ጊዜም አውቄዋለሁ።"

ጋራዡ ውስጥ ባጃጅ ይጮሃል።

ቤት ገብቼ ምዕራፉን እንደገና አነበብኩት። እስከዚያ ቀን አንድ ዝርዝር ብቻ ነበር የማየው፣ ሰላም በሉልኝ የተባሉትን። ከእነሱ ቀጥሎ ሌላ አጭር ዝርዝር አለ፤ ሐዋርያው አጠገብ ሆነው ሰላም የሚሉት፣ ጸሐፊው፣ ያሳደራቸው የቤቱ ባለቤት፣ የከተማው ሹም። እነዚህን ማንም ሰላም አላላቸውም። አያስፈልጋቸውም፤ ቤት ውስጥ ናቸው። ጫልቱ ከዚህኛው ወገን ነው ያስቀመጠችኝ፤ በፍቅርም በቂምም። የትኛው እንደሚበልጥ እሷም የምታውቀው አይመስለኝም። ግማሹን ይቅር ብያታለሁ። ለቀረው ግማሽ ጊዜ እፈልጋለሁ። እሷም ለእኔ ከዚያ የበለጠ የሰጠችኝ አይመስለኝም።

ማክሰኞ

ሰኞን ዕቃ ስንጠቀልል ዋልን። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሐዋሳ የያዝኩትን ቦታ ለሌላ ሰው ለቀቅሁ። ለልጄ ደውዬ እቆያለሁ አልኩት። ከጫልቱና ከሌንሳ ጋር ዶሎ ኦዶ ሄድኩ፤ መንገዱ ሁለት ቀን ፈጀ። ሦስት ሳምንት አብሬያት ተቀመጥኩ። በዚህኛው ጊዜ የምነሳበትን ቀን ከአራት ቀን በፊት ነገርኳት።